ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ አረንጓዴ

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀልድ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሬ ስምንት ጥርና ስምንት ሚያዝያ፣ መጀመሪያ በወልቂጤ፣ ቀጥሎ በቡታጅራ፣ የሰው የሠርግ ጠረጴዛ ሳሳምር ኖርኩና ባለፈው መስከረም ሥራውን ትቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። አሁን አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ደብል መትቼ ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ "እማማ አስካለ" ይለኛል። ይበለኝ። ጣቶቼን ያየ ሰው እማማ ቢለኝ አይፈረድበትም፤ ቃጫ ስፈትልና ስቋጥር ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ የአሮጊት ጣት ሆነዋል።

መጻፍ ግን ደስ ይላል! ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ትናንት አንድ ገጽ ሞልቼ ሳነበው እውነትም እኔ የጻፍኩት አልመስል ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ስለዚህ ድካሜንም ቢሆን በደስታ ነው የምጽፈው።

እኔ የደጋዋ ከተማ የአረቅጥ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲሞት አክስቴ ወልቂጤ ወሰደችኝና በጅማ መንገድ ዳር ቡና ቤት ለነበራቸው ለወይዘሮ ጥሩነሽ ሰጠችኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቡና ቤቱ ሌላ ለሠርግ ወንበር፣ ብርጭቆና የፕላስቲክ አበባ ያከራዩ ነበር። አበባው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የጭነት መኪናው ሁሉ በደጃችን እያለፈ አቧራውን ስለሚያለብሰው፣ የእኔ ሥራ አበባውን አንድ በአንድ በሳሙና ማጠብ ነበር። የታጠበ አበባ ገመድ ላይ ሲሰጣ መንገደኛው እየቆመ ይስቃል። "እናንተ አገር አበባ እንደ ካልሲ ነው እንዴ የሚታጠበው?" ያለኝን አንድ ሾፌር አልረሳውም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩና ይጮኻሉ። "አስካለ! አራተኛው ጠረጴዛ አኩርፏል፣ ፊቱን መልሺው!" አንዱ አበባ ከሌላው ጣት ከፍ ካለ ምሳ የለም። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምግብና በዓመት አንድ ቀሚስ ነው። ቀሚሱም ቢሆን ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር አንድ ዓይነት ነው። በስድስተኛው ዓመት ቡና ቤቱ ተሸጠ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ አበባቸውን በሻንጣ ይዘው ወደ ጅማ ሄዱ፤ እኔ ወደ አረቅጥ ተመለስኩ። ከአንድ ወር በኋላ አጎቴ ቁልቁለቱን በእግር ይዞኝ ወርዶ ቡታጅራ ለእትዬ የሺ አስረከበኝ።

እትዬ የሺ የመንዝ ሴት ናቸው። ባላቸው የስልክ ሠራተኛ ሆነው ተቀይረው መጥተው፣ እዚያው ቡታጅራ ሞቱባቸው። ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጠላቸው ላይ ሦስት ክር ያለባቸው መርፌዎች የሚሰኩ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ስለ ፕላስቲክ አበባዬ በኩራት ስነግራቸው ሰምተው ሰምተው፣ "መቼም አይሞትም?" አሉኝ።

"አይሞትም እትዬ።"

"ምስኪን" አሉ።

የእሳቸው ጌጥ የሚሠራው ሰው ከሚጥለው ነገር ነው። የበቆሎ ሽፋን ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ሲለሰልስ በቀለም አፍልተን፣ በጥላ አድርቀን፣ ቅጠል በቅጠል እያጠፍን በቃጫ እግሩን እናስረዋለን፤ ከሩቅ ጽጌረዳ ነው። የአበባው ማቆሚያ አንገቱ የተቆረጠ ቅል ነው። ቅሉ ውስጥ አሸዋ ይገባል፤ ያለ አሸዋ አንድ ሰካራም ጠረጴዛውን በጉልበቱ ቢነካው አበባው ወጥ ውስጥ ነው። የቲማቲም ቆርቆሮም አይጣልም፤ በቃጫ ተጠምጥሞ የጨው ማቅረቢያ ይሆናል። ወረቀቱ የሚመጣው ከጎረቤታችን ከሐጂ ሸምሱ ሱቅ ነው። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጣቃው የሚጠቀለልበትን ወርቃማ ወረቀት እያጠራቀሙ "የሺ፣ ወርቅሽን ነይ ውሰጂ" ብለው ይጣራሉ።

እንግዳው ሲሄድ የሚይዛትን ትንሽ ጥቅል እትዬ የሺ "መሸኛ" ይሏታል። በደረቀ ኮባ ውስጥ አንድ ጭብጥ ዳቦ ቆሎና ሁለት ከረሜላ አድርገን በቃጫ እንቋጥራለን። እኔ ለማሳመር ብዬ ቋጠሮውን ሳጠብቀው እጄን ይመቱኛል። "አስኩ፣ ይህ ለእንግዳው አይደለም፤ ቤት ቀርቶ ለሚጠብቀው ልጅ ነው። ልጅ ሊፈታው የማይችለውን አትቋጥሪ።" ከረሜላውን የምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ በእሱ ላይ ነው። "ይቺ ማን ናት?" ይላሉ እየጠቀለሉ፤ ካላወቅኩ ከረሜላው አይጠቀለልም፤ ካወቅኩ ይጠቀለላል። በአንድ ክረምት ሙሉ ጋዜጣ ማንበብ ቻልኩ።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚያደክመኝ አንድ ነበር። እንግዳ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ላይ! ተቀምጠው ፊት ለፊት ያስቀምጡኝና "ዓይንሽ ይታየኛል?" ይላሉ። አበባው ፊቴን ከሸፈነ ይቆረጣል። ለሠርግ የመጣ ሰው ሰው ሊያይ ነው የመጣው ባይ ናቸው። ዐሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛ ስምንት ወንበር፤ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ጉልበቴ ከእሳቸው ጉልበት ቀድሞ ያለቀሰበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እየተጎተትኩ ነው የመጣሁት።

በወልቂጤ ያየኋቸው ሠርጎች እስላምም ክርስቲያንም ጎረቤት ካለባቸው ሁለት ዳስ የሚጣልባቸው ነበሩ። እስላሙ የራሱ ያረደውን፣ ክርስቲያኑም የራሱ ያረደውን ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ዳሱም ጓዳውም ለየቅል ነው። ሁለት ዳስ ማለት ግን እጥፍ እንጨት፣ እጥፍ ሣር፣ እጥፍ ጠረጴዛ ነው፤ ድሃ አይችለውም። እትዬ የሺ ቡታጅራ ላይ ያመጡት ነገር አንድ ዳስ ነው። ጓዳው ሁለት ይሆናል፤ ዳሱ ግን አንድ። ታዲያ ማን የት ይቀመጥ? በር ላይ ቆሞ "እስላም በዚህ፣ ክርስቲያን በዚያ" ብሎ መጮህ ለእሳቸው ነውር ነው። ስለዚህ ከቅሉ ሥር ከአለላ የተሰፋ ክብ ማስቀመጫ ያደርጋሉ፤ በእስላሞቹ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ፣ በክርስቲያኖቹ ላይ ቀይ። እንግዳው ያያል፣ ይገባዋል፣ ይቀመጣል። አስተናጋጁም ጠረጴዛውን አይቶ ከየትኛው ጓዳ እንደሚያመጣ ያውቃል። ማንም ቃል አይተነፍስም።

ይህን ሁሉ አሁን አውቄ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ለእኔ ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ ነበር። ሰው ሲበላ እኔ ሁልጊዜ ከዳሱ ጀርባ መሸኛ እየቋጠርኩ ስለምውል አንድ ቀን እንኳን እንግዳው ሲቀመጥ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ጥር የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ላቀው ወንድ ልጃቸውን ዳሩ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ ዘመድ የላቸውም። ዘመዳቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ግማሹ የሐጂ ሸምሱ ሰዎች ናቸው። "የሺ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲበላልኝ ነው የምፈልገው" ብለው ለመኑ። እትዬ የሺ ሙሽራይቱንም እንዲያለብሱ ስለተጠየቁ ሁለት ቀን ወደ እሷ ቤት ሄዱ። ሲወጡ ዐሥራ ሁለቱን ማስቀመጫ ሰጡኝ።

"አረንጓዴዎቹን በወንዙ በኩል፣ ቀዮቹን በመንገዱ በኩል። ገባሽ?"

"ገባኝ። ግን እትዬ፣ ዳሱ ለሁለት የተቆረጠ አይመስልም?"

"አስኩ፣ ሥራ ይዣለሁ" አሉና ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር የወልቂጤው ሲባጎ ዓይኔ ላይ ተወጠረ። ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ የሆነ ዳስ ምን ያምራል? ከዚያ በሕይወቴ ከሁሉ ይበልጥ የተደሰትኩበትን ሐሳብ አሰብኩ። ማስቀመጫዎቹን ሁሉ መሐል ለመሐል ቆርጬ፣ ግማሽ ቀይና ግማሽ አረንጓዴ አድርጌ ገጣጠምኳቸው። የተሰፋ አለላ ሲቆረጥ ይፈታል፤ ስለዚህ ጠርዙን ሁሉ በእርጥብ ቃጫ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰፋሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የግራ እጄ ጣት በመርፌ አበጠ። በቅሉ ላይ ደግሞ ከቆሼ ገበያ የመጣ ቀይ በርበሬ ከወይራ ቅጠል ጋር አሰርኩበት። ዐሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት! አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቢያዩት ምሳ ሁለት ጊዜ ይሰጡኝ ነበር።

እትዬ የሺ ከሙሽራይቱ ጋር ስለነበሩ ጠረጴዛዎቹን ሳያዩ፣ ወንበሮቹ ላይ ሳይቀመጡ ሰው ገባ።

ሐጂ ሸምሱ ሲገቡ አረንጓዴውን አዩና ከሰዎቻቸው ጋር በወንዙ በኩል ተቀመጡ። አስተናጋጆቹ ሲመጡ ቀዩን አዩ። ክትፎ ደግሞ ክትፎ ነው፤ ከየትኛው ጓዳ እንደወጣ ፊቱ ላይ አልተጻፈበትም።

እኔ በዚያ ቀን ሥራዬን ለማየት ጓጉቼ መሸኛውን ትቼ በዳሱ ቀዳዳ አጮልቅ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም አየሁ። የክርስቲያኖቹ ጓዳ ዋና ወጥ ሠሪ ምስጋና ልትሰማ ነው መሰለኝ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። በወንዙ በኩል አለፈች። ቆመች።

"ውይ! ይሄ የእኔ ጣባ አይደለም እንዴ? የእኔ ክትፎ እዚህ ምን ይሠራል?"

ሐጂ ሸምሱ እጃቸው አፋቸው ዘንድ ደርሶ ቆመ። አንድ ጉርሻ ግን ውጠው ነበር። ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ።

"ልጄ" አሏት፣ ድምፃቸው እንኳን ከፍ አላለም፣ "ይህ ማን ያረደው ነው?"

ወጥ ሠሪዋ ጣባውን አንሥታ በሽርጧ ሸፈነችው። መልሱ ያ ነበር። ሐጂ ወጥተው በደጅ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተመለሱ። አቶ ላቀውን ጨበጧቸው። "ትዳሩ የሰመረ ይሁን። እኛ ጠግበናል" አሉ። ሲወጡ ሰዎቻቸው ሁሉ ተከትለው ወጡ። ማንም አልተሳደበም፣ ወንበር እንኳን አልተንኳኳም። የወንዙ በኩል ባዶ ሆነ። ሙሽራይቱ ስትገባ ያገኘችው ግማሽ ዳስ ነው።

አቶ ላቀው እትዬ የሺን ከዳሱ ጀርባ፣ እኔ ባለሁበት ያዟቸው። "የሺ፣ ምን አደረግሽኝ? ነገ በሱቃቸው ደጅ በምን ዓይኔ ነው የማልፈው?"

እትዬ የሺ ወደ ዳሱ ውስጥ ተመለከቱ። ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ አረንጓዴውን አዩት። እኔን አላዩኝም፤ ሆን ብለው አላዩኝም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ። "አረንጓዴው የእነሱ ነበር፣ አስኩ።" ሌላ ምንም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሚጠራን ጠፋ። ሁለት ሠርግ ተይዞልን ነበር፤ አንዱ ወደ ሁለት ዳስ ተመለሰ፤ ሌላው ሁለት ዳስ ስላልቻለ እስላም ጎረቤቶቹን ሳይጠራ ዳረ። ይህኛው ነው እትዬ የሺን ያመማቸው። በሐጂ ሱቅ በኩል ማለፍ ትተው በጀርባው ጭቃ መንገድ ዞረው ገበያ ይወርዱ ጀመር። ወረቀታችን አለቀ። "ሐጂ ጋ ሄጄ ላምጣ?" ስላቸው፣ "እሳቸው ካልጠሩኝ አልሄድም" አሉ። እኔ ጥፋቴን ይዤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት ዋልኩ። ተሸክሞ መዋል ከቁጭ ብድጉ ይበልጥ ያደክማል።

አንድ የገበያ ቀን ተነሥቼ ሱቁ ሄድኩ። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ።"

"ወዐለይኩም ሰላም። የየሺ ልጅ አይደለሽም? ላከችሽ?"

"አላኩኝም። ማስቀመጫውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"የምን ማስቀመጫ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ስለ ቃጫው። የሚገዛው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ አላቆምኩም። ሐጂ ክንዳቸው ላይ እንደተለካ ጨርቁን ይዘው ቀሩ።

"አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም።"

"ማንም አልነገረሽም?"

"ማንም።"

"ሱብሃነላህ!" አሉ። "እኔም እኮ አንድ ቀን የሺን ጠይቄያት አላውቅም። አየሁ፣ ገባኝ፣ ተቀመጥኩ። እሷም እንደገባኝ ገባት። እኔና እሷ ተግባባን ብለን ልጅ ገደል ከተትን ማለት ነው!" ጨርቁን ወርውረው ተነሡ። በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘጉ! ገዢው "ሐጂ፣ ጨርቄስ?" እያለ ሲከተላቸው "ነገ!" አሉት።

ቤታችን ደርሰው ከደጅ ተጣሩ። "የሺ! ውጪ!"

እትዬ የሺ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። እኔን ከኋላቸው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ሐጂ፣ ይግቡ እንጂ..."

"አልገባም! ሦስት ወር ሙሉ ንቃኝ ነው፣ ሥራዋን ቸል ብላብኝ ነው ስል ኖርኩ። ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልጅ በሰው ፊት ማሳጣት አልፈለግሁም።"

"እኔ ሰው ነኝ? እኔ ጎረቤትሽ ነኝ! ሳላውቅ የዋጥኩትን አላህ ያውቃል፤ የእሱን ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ። ያልጨረስኩት ካንቺ ጋር ነው።"

እትዬ የሺ የነጠላቸውን ጫፍ ማጠፍ ጀመሩ።

"ይኸው! ደግሞ ዝም አለች!" አሉ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው። "ይህች ሴት ዝምታዋን በክንድ ብትሸጠው ኖሮ እኔ ሱቄን እዘጋ ነበር።"

እትዬ የሺ ሳቁ። ሲስቁም አለቀሱ። እኔን ግን ጠቅሰው፣ "አንቺን ቆይ አገኝሻለሁ" አሉኝ። ማንም ሳይልከኝ መሄዴን በልባቸው ወደዱት፣ በአፋቸው ተቆጡኝ።

በሚያዝያ አንድ ልብስ ሰፊ ልጁን ሲድር፣ ሐጂ ራሳቸው "በአንድ ዳስ ይሁን፣ የሺ ትሥራው" አሉት። አዲስ ማስቀመጫ ሰፋን። አረንጓዴው በአንድ በኩል፣ ቀዩ በአንድ በኩል። እትዬ የሺ ሁሉም ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ አንዲት ወንበር አላስቀረሁም። ሰው መጣና በዳሱ አፍ ላይ ቆመ። ማንም አይገባም። ሁሉም ሐጂን ይጠብቃል።

ሐጂ ሸምሱ መጡ። ማስቀመጫዎቹን አዩ። እንደ ድሮው አይተው፣ ገብቷቸው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ከዳሱ መሐል ቆመው አንዱን አረንጓዴ በጣታቸው አንኳኩና ጮኹ።

"ይሄ የማን ነው?"

ሰው ሁሉ ክው አለ። እትዬ የሺ ክንዴን ያዙ። ከጓዳ አንዲት ሴት፣ "የእናንተ ነው ሐጂ! አራጁም የእናንተ፣ ወጡም የእናንተ!" ብላ መለሰች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወላሂ!"

"እንግዲያው ይምጣ!" ብለው ተቀመጡ። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። በዳሱ አፍ ከቆሙት ክርስቲያኖች አንድ ሽማግሌ፣ "የእኛስ? የእኛን ማን ይማልልን?" ሲሉ ደግሞ ባሰ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ እየሳቀ ይጠይቃል፤ "ይሄ የማን ነው? ይሄስ?" ጓዳውም እየሳቀ ይመልሳል። ማስቀመጫውን የሚያይ አልነበረም።

እትዬ የሺ ከዳሱ ጀርባ እየሰሙ ቆዩ።

"ጩኸት ሆነ" አሉ።

"ግን እኮ ተስማሙ፣ እትዬ።"

"ተስማሙ። እውነትሽን ነው።" ነጠላቸው ላይ ከተሰኩት መርፌዎች አንዱን ነቅለው፣ አይተውት፣ መልሰው ሰኩት። "እንግዲህ አፋቸው ከተፈታ እኔና አንቺ ምን እንሠራለን?"

"አበባ ነዋ።"

"አበባማ ማንም ይሠራል" አሉ፤ ከዚያም እንደ ቀልድ፣ "አንቺ ሂጂ ተማሪ። ሲባጎ ለሚወጥር ሰው ደብተር ይሻለዋል፤ መስመሩን አስምረው ነው የሚሸጡት።"

እየሳቅኩ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከፊታቸው የተቆለለውን ኮባ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ መሸኛው ገና አላለቀም ነበር።